የንክሩማ የስለላ ፋይል እንዴት ነው የሚነበበው?

ጥያቄ_አለኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የክዋሜ ንክሩማን የኤም አይ 5 (የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፋይል በፒዲኤፍ አውርጄ እያነበብኩ ነው። ለንደን፣ ኪው ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚገኘው ነው፤ ቁጥሩ ኬ ቪ 2/1847። እስከ ኬ ቪ 2/1851 ያሉትን ቀጣይ ቅጾች ገና አልነካኋቸውም። እንግሊዝኛው ሳይሆን የፋይሉ አሠራር ነው ያስቸገረኝ። ቀኑ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። መሀል ላይ ባዶ ገጽ ይመጣል። ግማሹ ወረቀት ደግሞ ከሌላ ፋይል የተቀዳ ነው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ ይህ ነገር ከየት ይጀመራል? ደብዳቤ የሚከፍቱት እንዴት ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይህን ያህል ወረቀት ሰብስበው ምን ያህል አወቁ?

ግራ እንዳንጋባ ቀኑንም ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።

መዝገብ_ፈቺ

ፋይሉ ወደ ኋላ የሚሄደው ስካን ሲደረግ ተገልብጦ አይደለም። አዲስ ወረቀት ሲመጣ ከላይ ስለሚታሰር፣ ስትከፍተው የምታገኘው መጨረሻ የገባውን ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርግ።

መጀመሪያ ከፊት ያለውን የማስታወሻ ወረቀት አንብብ። መኮንኖቹ እርስ በርስ የተጻጻፉበት ነው፤ ከተራ ቁጥር 1 ጀምሮ በቅደም ተከተል ይወርዳል። እያንዳንዱ ሰነድ ተራ ቁጥርና ፊደል አለው፤ 14 ኤ፣ 14 ቢ እያለ ይሄዳል። የማስታወሻ ወረቀቱ «14 ኤን ተመልከት» ካለህ 14 ኤን ፈልገህ ታነባለህ፣ ከዚያ ትመለሳለህ። ሰነዶቹን ግን ከፒዲኤፉ መጨረሻ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ። ሁለት ጊዜ መክፈት ቢያሰለችም ሌላ መንገድ የለውም።

የተቀዱት ወረቀቶች ቅጽ አላቸው። ለየትኛው ፋይል እንደተቀዳ፣ ዋናው የት ፋይል ውስጥ እንዳለ፣ የዋናው ቀን፣ የተቀዳበት ቀን ይሞላበታል። ብዙ አንባቢ ይህን ዘሎ ጽሑፉን ብቻ ያነባል፤ ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። ዋናው ያለው በንክሩማ ፋይል ሳይሆን በብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ ፋይል ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሚከታተሉት ፓርቲውን ነበር ማለት ነው፤ ንክሩማ ስልክ ሲደውል ወይም ሲገባ በመረቡ የተያዘ መንገደኛ ነው። ከ1945 እስከ 1947 ለንደን ሳለ ስለ እሱ ከተሰበሰበው ብዙው የመጣው በኪንግ ስትሪት ከነበረው የፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ክትትል ነው።

ባዶዎቹ ገጾች ላይ ትንሽ ጽሑፍ ታያለህ፤ በ1958ቱ የሕዝብ መዛግብት አዋጅ አንቀጽ 3(4) መሠረት ሰነዱ በመሥሪያ ቤቱ ቀርቷል ይላል። ምን እንደነበር ግን አንዳንዴ የማስታወሻ ወረቀቱ ያጋልጠዋል። ሰነዱን ሲያወጡ ስለ እሱ የተጻፈችውን አንዲት መስመር መሰረዝ ይረሳሉ። እኔ ከባዶው ገጽ ቀድሜ የማየው እሷን ነው።

ፖስታና_ማህተም

ደብዳቤውን እኔ ልመልስ።

በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ደብዳቤ ለመክፈትም ሆነ ስልክ ለመጥለፍ በአገር ግዛት ሚኒስትሩ የተፈረመ ማዘዣ ያስፈልግ ነበር። በማዘዣው ላይ ስም ወይም አድራሻ ይጠቀሳል። ፖስታውን የሚከፍተው ኤም አይ 5 ራሱ ሳይሆን የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ልዩ ክፍል ነው። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሙጫውን ያላሉ፣ ክዳኑን በቀጭን ነገር ያነሳሉ፣ ውስጡን ፎቶ ያነሳሉ፣ ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሰው ያሽጋሉ፤ ከዚያ ወደ ዕለቱ ፖስታ ይቀላቅሉታል። ፋይል ውስጥ የሚገባው ቅጂው ነው። ዋናው ለባለቤቱ ደርሷል።

የሚበላሸው ብዙ ነው። እንፋሎቱ ሲበዛ ወረቀቱ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈስሳል። ሙጫው ካለቀ አዲስ መቀባት ግድ ነው፤ አዲሱ ሙጫ ከክዳኑ ጠርዝ ወጥቶ ሲደርቅ ያብረቀርቃል። በማጣበቂያ ፕላስተር የታሸገ ፖስታ ሲላጥ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ይመጣል። በሰም የታተመው ማህተሙን አስመስሎ መሥራት ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያጋልጠው ጊዜ ነው። ሁልጊዜ በ2 ቀን የሚደርስ ደብዳቤ 4 ቀን ሲፈጅ፣ በፖስታ ቤቱ ማህተም ላይ ያለውን ቀን ከደረሰበት ቀን ጋር የሚያስተያይ ሰው ይነቃል። የነቃ ሰው ደግሞ መጻፍ አያቆምም፤ ቁም ነገሩን በሰው እጅ እየላከ ለፖስታው ሰላምታ ብቻ ይጽፋል። ፋይሉ ወፍራም ሆኖ ባዶ የሚሆነው አንዱ በዚህ ነው።

ሌላ ምልክት፦ ሪፖርት ላይ «ጥንቃቄ ከሚሻ ምንጭ» የሚል አነጋገር ካየህ ደብዳቤ፣ ስልክ ወይም ማይክሮፎን ጠርጥር። ጆሮ ጠቢ ከሆነ አጻጻፉ ይለያል፤ «አስተማማኝ» ወይም «ያልተፈተነ ወኪል» ይሉታል።

ያ_ሰውዬ

ሰዎች፣ አታካብዱ። እንግሊዞች ሁሉንም ያውቁ ነበር። ሰውየው ገና አሜሪካ ካለው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ጀምሮ እግር በእግር ነበሩ። ነፃነቱም ቢሆን አውቀው የለቀቁት ነው።

ጎልድ_ኮስት_48

@ያ_ሰውዬ ሁሉንም ያውቁ ከነበረ የካቲት 28 ቀን 1948 አክራ ላይ ምን ነካቸው?

የዕለቱን ነገር ልዘርዝር። ከጥር 26 ጀምሮ ናይ ክዋቤና ቦኔ የሚመሩት የሸቀጥ አድማ ነበር፤ ያበቃው በዚያው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታ ይዘው ወደ አገረ ገዥው ክሪስቲያንስቦርግ ግንብ ተጓዙ። መንገድ ላይ ፖሊስ አዛዡ ኢምሬይ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ኦዳርቴ ላምፕቴ ሞቱ። ከተማው ነደደ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ፤ በጠቅላላው 29 ሰው ሞተ። ለዚህ ሁሉ የመንግሥት ዝግጅት የቀጠነ ነበር። ንክሩማ ከለንደን ከተመለሰ ገና 3 ወር አልሞላውም፤ በታኅሣሥ 1947 ነው የመጣው።

ከዚያ በመጋቢት «ስድስቱ ታላላቆች» የሚባሉትን የነፃነት ንቅናቄ መሪዎች ያዟቸው፦ ዳንኳ፣ ኦፎሪ አታ፣ አኩፎ አዶ፣ አኮ አጄይ፣ ኦቤትሴቢ ላምፕቴ፣ ንክሩማ። መጀመሪያ ኩማሲ ወሰዷቸው፤ በኋላ ለያይተው ወደ ሰሜን ላኳቸው። ንክሩማ ላውራ ገባ። ሲፈትሹት 2 ነገር አገኙ፤ ያልተፈረመበት የብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ የአባልነት ካርድ እና «ሰርክል» የሚባለው ምስጢራዊ ማኅበር ሰነድ። ሰነዱ አገልግሎት፣ መሥዋዕትነትና መከራን መፈክር አድርጎ ወደ አፍሪካ ሶሻሊስት ሪፐብሊኮች ኅብረት መድረስን ያልማል። የዋትሰን መርማሪ ኮሚሽን ሁለቱንም ሪፖርቱ ውስጥ ከተታቸው። ንክሩማ ስለ ካርዱ የሰጠው መልስ የፓርቲዎች ስብሰባ ለመግባት ያስፈልገኝ ነበር የሚል ነው።

እንግዲህ «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ኤም አይ 5 ራሱ ሰውየው የኮሚኒስቶቹን እርዳታ ለራሱ የምዕራብ አፍሪካ ዓላማ ሊጠቀምበት የሚሻ ብሔርተኛ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ይዞ ነበር። ያልተፈረመችው ካርድ ግን ከእጁ አልወጣችም።

መዝገብ_ፈቺ

@ጎልድ_ኮስት_48 ጥሩ። የ1951ን ቁጥርም ጨምርበት እንጂ።

ጎልድ_ኮስት_48

እሺ። ጥር 1950 «ፖዘቲቭ አክሽን» የተባለውን አድማ ጠራ፣ ታሰረ፣ 3 ዓመት ተፈረደበት። አክራ ጄምስ ፎርት እስር ቤት ሆኖ ለራሱ ፓርቲ መልእክት የሚጽፈው በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ነበር፤ እየተሰወረ ይወጣል። በዓለም ላይ ካሉ ቦታዎች ሁሉ ክትትሉ ቀላል መሆን የነበረበት ግንብና ዘበኛ ባለበት በዚያ ነው። የካቲት 8 ቀን 1951 በምርጫው አክራ ማዕከላዊን ከ23,122 ድምፅ 22,780ውን ወሰደ። ፓርቲው ሕዝብ ከሚመርጣቸው 38 ወንበሮች 34ቱን አገኘ። አገረ ገዥው አርደን ክላርክ ከ4 ቀን በኋላ ከእስር አስወጥቶ መንግሥት እንዲመሠርት ጠራው።

@ያ_ሰውዬ «አውቀው ለቀቁት» ያልከው ከዚህ ጋር አይሄድም። ሁኔታው ቀድሟቸው ሄዶ ነው የተከተሉት።

ያ_ሰውዬ

ስለ አክራ ተቀብያለሁ። ኬንያ ግን ሌላ ነው፤ ኬንያታን ከ1929 ጀምሮ ይዘውታል።

ነጭ_ለባሽ

ይዘውታል፣ ልክ ነህ። ግን ምን ይዘው?

ኬንያታ ወደ ለንደን የመጣው በ1929 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበርን አቤቱታ ይዞ ነው። በ1931 ተመልሶ መጣ፣ እስከ 1946 እዚያው ቆየ። በ1932 እና 1933 ሞስኮ ተምሯል። የለንደን ስፔሻል ብራንች (የፖሊሱ የፖለቲካ ክትትል ክፍል) መርማሪዎች በየስብሰባው ይከተሉት ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ የቤት አድራሻው፣ የተናገረበት አዳራሽ፣ አብሮት የተቀመጠው ሰው ሁሉ አለ። ይህ ሁሉ የለንደን ወሬ ነው። ወደ ኬንያ ከተመለሰ በኋላ ገጠር ውስጥ በኪኩዩ ቋንቋ የሚባለውን የሚሰማላቸው ጆሮ ብዙም አልነበራቸውም። በ1952 የኬንያ ስፔሻል ብራንች ትንሽ ነበር፤ ሥራውም በናይሮቢና በሞምባሳ የተወሰነ። ጥቅምት 20 ቀን 1952 አገረ ገዥው ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ፣ ኬንያታም በዚያው ሌሊት «ጆክ ስኮት» በተባለው ዘመቻ ከተያዘ በኋላ ነው የኤም አይ 5 ኃላፊ ፐርሲ ሲሊቶ ራሱ ናይሮቢ የመጣው። ኅዳር ላይ። ማክዶናልድ የሚባል መኮንኑን ስፔሻል ብራንቹን እንዲያደራጅ አስቀረ።

ማክዶናልድ ቆይቶ በለንደን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የደኅንነት መረጃ አማካሪ ሆነ። በ1955 ጄኔራል ቴምፕለር ስለ ቅኝ ግዛቶች ጸጥታ ያቀረበው ሪፖርትም ያንኑ አሠራር በየአገሩ የሚያስፋፋ ነው።

የሥራ ክፍፍሉን ካላወቃችሁ ፋይሉ ያሳስታችኋል። ኤም አይ 5 በየቅኝ ግዛቱ የሚያስቀምጠው የጸጥታ አገናኝ መኮንን የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው በአብዛኛው የራሱ ጆሮ ጠቢ የለውም። ጆሮ ጠቢዎቹን የሚያሰማራው የፖሊሱ ስፔሻል ብራንች ነው። መኮንኑ ከፖሊስ የሰማውን ወደ ለንደን፣ ከለንደን የመጣለትን ወደ አገረ ገዥው ያስተላልፋል።

አሁን ጣጣውን ተመልከቱ። አንድ የፖሊስ ወሬ ከአክራ ወይም ከናይሮቢ ለንደን ይደርሳል። ለንደን በፋይሉ ያስገባዋል። ከ3 ወር በኋላ አገረ ገዥው «ስለዚህ ሰው ምን ታውቃላችሁ?» ሲል ለንደን ያንኑ ወሬ ምንጩን ሳይጠቅስ ይመልስለታል። ፖሊሱም «ለንደንም አረጋገጠችልን» ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ይህን የምታጠምደው @መዝገብ_ፈቺ ባለው መንገድ ብቻ ነው፤ የተቀዳበትን ቅጽ ቀን ከዋናው ቀን ጋር አስተያይ። ሁለት ማስረጃ የመሰለህ አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ_አለኝ

አሁን ገባኝ። ጆሮ ጠቢዎቹ ስንት ይከፈላቸው ነበር? ወሬ እየፈጠሩ አይሸጡም?

ነጭ_ለባሽ

ወሬው በተናጠል የሚገዛ ከሆነ የሚያስፈራ ወሬ ይበዛል፤ «ዛሬ ምንም የለም» ለሚል የሚከፍል ስለሌለ። በጣም የታወቀው ምሳሌ ግን የኬንያታ ችሎት ነው። በካፔንጉሪያ ዋነኛ ምስክር የነበረው ራውሰን ማቻሪያ በ1958 በመሐላ ጽሑፍ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው ብሎ ወጣ። ለምስክርነቱ የቀረበለት ወደ እንግሊዝ መጓዣ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ትምህርትና ሲመለስ የመንግሥት ሥራ ነበር። ሐሰት መሰከርኩ ያለውን ሰው ያሰሩት በመጀመሪያው ምስክርነት እንዳይመስላችሁ። የታሰረው በመሐላ ጽሑፉ ነው፤ 21 ወር።

ኒያሳላንድ (የዛሬዋ ማላዊ) ደግሞ ሙሉ ትምህርት ቤት ናት። በጥር 1959 መጨረሻ ኮንግረስ የተባለው የነፃነት ፓርቲ ሰዎች ጫካ ውስጥ ተሰበሰቡ። መሪያቸው ሄስቲንግስ ባንዳ በስብሰባው ላይ አልተገኘም። ብዙ ጆሮ ጠቢዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የሰማውን ለስፔሻል ብራንች አቀረበ፤ ሪፖርቶቹ ተገጣጥመው ነጮችን የመፍጀት ሴራ ሆኑ። መጋቢት 3 አገረ ገዥው አርሚቴጅ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ፣ ባንዳንም ወደ ግዌሎ እስር ቤት ወሰዱት። በአስቸኳይ ጊዜው 51 አፍሪካውያን ተገደሉ። በሐምሌ የወጣው የዳኛ ዴቭሊን ኮሚሽን ሪፖርት ሴራ የሚባል ነገር አልነበረም አለ፤ ስለ መምታትና ስለ መግደል ወሬ ተወርቷል፣ ዕቅድ ግን አልወጣም። በዚያ ላይ ኒያሳላንድ ለጊዜውም ቢሆን የፖሊስ መንግሥት ሆናለች ብሎ ጻፈ። ለንደን ከሪፖርቱ የሚመቻትን ተቀብላ ይህን ክፍሉን ገፋችው።

ያንን ሪፖርት አንብቡት። ጆሮ ጠቢ የሰማውን በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ መኮንኑ በሌላ ይጽፋል፣ የሚቀጥለው መኮንን ያሳጥራል። «ቢመጡብን እንመታቸዋለን» ያለው ሰው በ3ኛው ወረቀት ላይ «እንመታለን» ያለ ይሆናል። «ቢ» ጠፋች፤ ሰዎች ሞቱ።

የፓሪስ_ደብዳቤ

እንግሊዝን ብቻ ይዛችሁ ቀራችሁ። ፈረንሳዮቹ ቀድመው ነው የጀመሩት።

በ1923 የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ፓሪስ ላይ «የአገሬው ተወላጆች ቁጥጥርና እርዳታ» የሚባል ክፍል አቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ፤ ቁጥጥርም እርዳታም ነው። ከአፍሪካ፣ ከማዳጋስካርና ከኢንዶቻይና የመጡትን ይከታተላል። ፋይሎቹ ዛሬ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ባለው የባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት ስሎትፎም በሚባለው ስብስብ ውስጥ ናቸው። የሴኔጋሉን ላሚን ሴንጎርን ተመልከቱ። በ1926 የጥቁር ዘር መከላከያ ኮሚቴን መሠረተ፣ በየካቲት 1927 ብራስልስ በተካሄደው የፀረ ኢምፔሪያሊዝም ጉባኤ ተናገረ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ሞተ። የኮሚቴውን ውስጥ ለውስጥ ጉዳይ የምናውቀው በአብዛኛው «ወኪል ዴዚሬ» በሚል ስም ሪፖርት ከሚጽፈው ሰው ነው። ማን ተጣላ፣ ማን የአባልነት መዋጮ አልከፈለም፣ ጋዜጣው ለማተሚያ ቤት ስንት ዕዳ አለበት፤ ይህን ሁሉ ጻፈ። የእንግሊዙ ፋይል ከውጭ ሲያይ የፈረንሳዩ ከስብሰባው ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚጽፈው። ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ነው። ለኮሚቴው ግን መርዝ ነበር፤ ሰርጎ ገብ እንዳለ ሁሉም ስለሚጠረጥር እርስ በርስ ይበላላሉ።

መርዝ ስል በምሳሌ ነው፤ በ1960 ግን በምሳሌ አልነበረም። ዩፒሲ የተባለውን የካሜሩን የነፃነት ፓርቲ መሪ ፌሊክስ ሙሚዬን ጄኔቫ ላይ ጋዜጠኛ ነኝ ያለው የፈረንሳይ ስለላ ሰው ዊሊያም ቤክቴል እራት ጋበዘው፤ መርዙ ታሊየም ነበር። እራቱን የበሉት ጥቅምት 15 ነው፣ ኅዳር 3 ሞተ። ከእሱ በፊት የነበረውን መሪ ሩበን ኡም ንዮቤን መስከረም 13 ቀን 1958 ጫካ ውስጥ ወታደሮች ገድለውታል። ክትትል ምን ጠቀማቸው ለሚለው ጥያቄህ ይህም መልስ ነው፤ ሰውየው የት እንዳለ ማወቅ አንዳንዱ ቦታ ላይ ለዚህ ነበር።

እንጦጦ_ማዶ

ይቅርታ ልግባና፣ እኛ አገር ከዚህ ነገር ጋር ይገናኛል?

መዝገብ_ፈቺ

ይገናኛል፣ በ3 ቦታ። በ1935 ለንደን ላይ የአቢሲንያ ዓለም አቀፍ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ሲ ኤል አር ጄምስ፣ ጸሐፊው ኬንያታ፣ ገንዘብ ያዥዋ ኤሚ አሽዉድ ጋርቪ ነበሩ። ሰኔ 3 ቀን 1936 ጃንሆይን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ከተቀበሉት መካከል እነዚሁ ሰዎች አሉ። የትሪኒዳዱ ታጋይ ጆርጅ ፓድሞርና ኬንያታ በዚያው ዘመን በክትትል ሥር ስለነበሩ የኢትዮጵያ ጉዳይ የእነሱን መዝገብ የምታነብ ከሆነ ደጋግሞ ይመጣብሃል።

ሁለተኛው ኬንያ ውስጥ ነው። የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር በግንቦት 1940 ሲታገድ ከተሰጠው ምክንያት አንዱ በኢትዮጵያ ካለው የጣሊያን ኃይል ጋር ተገናኝታችኋል የሚል ነው። ከ5 ዓመት በፊት ለኢትዮጵያ ለንደን ላይ ጸሐፊ ሆኖ የቆመው የዚያው ማኅበር ተወካይ ነው! ፋይል ከፋይል የማይነጋገር ከሆነ እንዲህ ይመጣል።

ሦስተኛዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ከግንቦት 1936 ጀምሮ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚሟገት ጋዜጣ አወጣች፣ ኤም አይ 5ም ስለ እሷ ፋይል ነበረው። በ1948 እሷን ዝም የሚያሰኙበትን መንገድ ይመክሩ ነበር፤ ምክራቸው ግን አልያዘም። በ1960 አዲስ አበባ አርፋ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረች።

እንጦጦ_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የዋተርሉውን አላውቅም ነበር።

አመድ_ያልሆነው

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እስካሁን ያወራችሁት ለንደን ስለነበረው ፋይል ነው። በየቅኝ ግዛቱ የነበረው የስፔሻል ብራንች ፋይል የት ሄደ? ያ ነው ጆሮ ጠቢዎቹ በስማቸው የነበሩበት።

ግንቦት 3 ቀን 1961 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ኢያን ማክሊዮድ ለአገረ ገዥዎች መመሪያ ላከ። ለአዲሱ መንግሥት የማይተላለፈው መንግሥትን ሊያሳፍር የሚችል፣ ፖሊስን፣ ወታደርን ወይም ጆሮ ጠቢን ሊያሳፍር የሚችል፣ የመረጃ ምንጭ የሚያጋልጥ፣ ወይም አዲሶቹ ሚኒስትሮች ያለ አግባብ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ወረቀት ነው። «ኦፕሬሽን ሌጋሲ» የተባለው ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ወረቀቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚተላለፈው «ሌጋሲ»፣ የሚደበቀው «ዋች»። የሚደበቀው በደብልዩ ፊደል ማህተም ይመታል። ማህተሙ ራሱ ምስጢር ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጣል። ወረቀቱን ማየት የሚችለው «ከአውሮፓ ዘር የሆነ የብሪታንያ ዜጋ» ብቻ ነው። ከሚተላለፉ ፋይሎች መካከል አንድ ዋች ፋይል ሲወጣ ክፍተቱ እንዳይታወቅ ምትክ የሐሰት ፋይል ይሠራለታል። ማቃጠሉም ሥርዓት አለው፤ አመድ እስኪሆን ይነዳል፣ አመዱ ይሰባበራል። ባሕር ውስጥ የሚጣል ከሆነ በክብደት በታጨቀ ሣጥን፣ ከባሕር ዳርቻው በተቻለ መጠን ርቆ፣ ጥልቀት ባለውና የባሕር ውስጥ ፍሰት በሌለበት ውኃ። የተቃጠለውም በምስክር ወረቀት ተመዝግቦ ለንደን ይላካል።

እዚህ ላይ ነው ሥርዓት አክባሪነታቸው የጣላቸው። ስለ ማቃጠሉ የተጻፈው ወረቀት ራሱ ሳይቃጠል ቀረ። ያልተቃጠለው ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተጭኖ ሃንስሎፕ ፓርክ የሚባል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። በኬንያ በማው ማው ፀረ ቅኝ ግዛት አመፅ ዘመን የታሰሩ ሰዎች መንግሥቱን ለንደን ከስሰው ፍርድ ቤት ሲያፋጥጡት በ2011 ወጣ፤ ከ37 የቀድሞ ግዛቶች ወደ 8,800 ፋይል። የኬንያው ብቻ 1,500 ገደማ ፋይል በ300 ካርቶን ነበር። በሰኔ 2013 መንግሥቱ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ፋይሎቹ አሁን ኪው ውስጥ ኤፍ ሲ ኦ 141 በሚል ምድብ ይገኛሉ።

ያ_ሰውዬ

ታዲያ የንክሩማ የአክራው ፋይል ኤፍ ሲ ኦ 141 ውስጥ አለ?

አመድ_ያልሆነው

ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ነፃ የወጣችው መጋቢት 6 ቀን 1957 ነው፤ የማክሊዮድ መመሪያ ከመጣ 4 ዓመት ቀድማ። ስለዚህ «ሁሉም እዚያ ነው» ብለህ አትሂድ። ኤፍ ሲ ኦ 141ን በንክሩማ ስም ሳይሆን በግዛቱ ስምና በርእስ ፈልግ፤ «የአካባቢ መረጃ ኮሚቴ»፣ «ወርኃዊ የጸጥታ ሪፖርት»፣ «የታገዱ ጽሑፎች»። የአንድ ሰው ስም በፋይሉ ርእስ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ፖስታና_ማህተም

ኪው የምትሄዱ ከሆነ፦ የአንባቢ ካርድ ነፃ ነው፤ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ያስፈልጋል። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። በራሳችሁ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ያለ ክፍያ ይቻላል፣ ፍላሽ ሳይበራ። ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ የፋይሉን ሽፋን፣ ከዚያ የማስታወሻ ወረቀቱን፣ ከዚያ ሰነዶቹን አንሱ፤ ባዶ ገጾቹንም ጭምር። ባዶውን ዘሎ የሚያነሳ ሰው ቤቱ ሲገባ ተራ ቁጥሩ ለምን እንደዘለለ አያውቅም።

ጥያቄ_አለኝ

እናንተ ባላችሁት መንገድ ከኋላ ጀመርኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አገር ቤት፣ ጋና ውስጥ የቀረ ነገር የለም?

ጎልድ_ኮስት_48

አለ። ከመሐል የጠፋ ወረቀት ቅጂው ለወረዳ ኮሚሽነር ተልኮ ከነበረ እዚያው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያቃጥሉት ሰዎች ዋና ከተማውን እንጂ እያንዳንዱን የወረዳ ሣጥን አልደረሱበትም። አክራ ያለው የጋና መዛግብት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ፕራድ ይባላል፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። ንክሩማ በ1948 ታስሮ የቆየባትን የላውራን የወረዳ ወረቀት ከፈለግህ አክራ ላይ ብቻ አትቁም፣ ታማሌንም ጠይቅ።